ሰነቴ ላይ ሳተላይት ያዳመጥንበት ዘመን

በ1971 ዓ.ም. የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነበርኩ። ሥራዬ ፈረስ መጫን ነበር። ከጎባ ጨውና ልብስ ጭኜ ሰነቴ የሚባለውን የባሌ ደጋ ሜዳ አቋርጬ ወደ ሪራ እወርዳለሁ፤ ከሪራ ደግሞ ማር ጭኜ እመለሳለሁ። ያኔ ዛሬ መኪና የሚሄድበት መንገድ አልነበረም፤ የፈረስ መንገድ ብቻ ነበር። መንግሥት ቀጥሮኝ የሰማይ ሥራ እሠራለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ጎርበጥ ቢላችሁ ታገሱኝ፤ ካልታገሳችሁም ግድ የለኝም። ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፤ እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር። ያስነሳኝ ሮቤ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የሰማሁት ነገር ነው። አገራችን የራሷን ሳተላይት አመጠቀች ተብሎ በቴሌቪዥን ሲነገር፣ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ወጣት መምህር፣

"ይኸው ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰማይ ጋር ተነጋገረች" አለ።

"ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም" አልኩት።

"አባባ፣ ሌላው መቼ ነው ታዲያ?"

"አንተ ሳትወለድ። እዚሁ ከራስህ በላይ፣ ሰነቴ ላይ።"

ሳቀ። ሻይ ቤቱም አብሮት ሳቀ። ሽማግሌ ሲዘባርቅ እንደሚሳቀው ነው የሳቁት። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ እልህ ይይዘኛል። ይኼን የምጽፈው ግማሹን በእልህ ነው፤ ግማሹን ለጋሽ መርዕድ ብዬ ነው።

ጋሽ መርዕድ የካርታ ሥራ ባለሙያ ነበሩ፤ የኔም የመጀመሪያ አለቃ። በንጉሡ ጊዜ አሜሪካኖች መጥተው፣ ሰማይ ላይ የምትሄደውን ሰው ሠራሽ ኮከብ ፎቶ እያነሱ አገሩን ይለኩ ነበር። ጋሽ መርዕድ ያኔ መጀመሪያ ሳጥን ተሸካሚ፣ ቀጥሎ ረዳት ነበሩ፤ ሥራውን ከነሱ እጅ እጅ እያዩ ለቀሙት። ደርግ ሲመጣ አሜሪካኖቹ ሄዱ። "የሰማዩም የምድሩም ሥራ ካለፈው ሥርዓት ተላቆ ከአዲስ ይጀመር" ተባለ። ወዳጃችን ሩሲያ ሆነች፤ በሬዲዮ ጠፈር ሲነሳ የሚወራው የሩሲያ ጠፈርተኛ ብቻ ሆነ። ደርግ ሲወድቅ የመጡት ደግሞ "ያ ሁሉ የወታደር ሥራ ነበር፤ አዲስ እንጀምራለን" አሉ። በኔ ዕድሜ መንግሥት በተቀየረ ቁጥር ሥራው ከዜሮ ሲጀመር አየሁ። ጋሽ መርዕድ ግን አንድም ቀን ከዜሮ ሲጀምሩ አላየሁም። ካለፈው ሰው እጅ ይቀበላሉ፣ ለሚመጣው ሰው ያስረክባሉ። ሥራ ማለት ለእሳቸው ይኼ ነበር።

የተገናኘነው ጎባ ገበያ ነው። ቀጭን፣ ጠይም፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው መጡና ፈረስ ጫኞቹን ሰበሰቡን።

"የማይጥል ፈረስ ያለው ማን ነው?" አሉ።

ሁላችንም "እኔ! እኔ!" አልን። እሳቸው ጩኸታችንን አልሰሙም። ከአንዲት ሴት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተዋሱ፤ ውኃ እስከ አፉ ሞሉት። "ይኼን በኮርቻው ላይ አስራችሁ ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ምሩልኝ" አሉ።

ገበያው ሥራውን ትቶ እኛን ማየት ያዘ።

"በየነ፣ ፈረስህን ልታጥብ ነው?" ይሉኛል።

"ኧረ መጀመሪያ ራሱ ይታጠብ!"

የአንዱ ፈረስ ሳፋውን በመጀመሪያው ድንጋይ ላይ ደፋው። የሌላው መንገድ ላይ ደነበረ። የኔ ዳማ ባዝራ ግን አረማመዷ እንደ ምራት ነው፤ ውኃው ትንሽ ተንጠባጠበ እንጂ አልፈሰሰም። ጋሽ መርዕድ ሳፋውን ጎንበስ ብለው አዩና፣

"ፈረሷ ጥሩ ናት። አንተስ?" አሉኝ።

"እኔ ውኃ ተጭኜ አላውቅም" አልኳቸው።

ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከጭነቱ ሥራ ብዙም አይሻልም ነበር፤ ግን በየወሩ ይመጣ ነበር።

ዳማዬ የተሸከመችው ሳጥን ውስጥ ያለው ማሽን ሬዲዮ ነው፤ የሚሰማው ግን ሳተላይት ነው። ጋሽ መርዕድ ያስረዱኝ እንዲህ ነበር። "መንገድ ዳር ቆመህ ጥሩምባውን እየነፋ የሚያልፍ የጭነት መኪና ሰምተህ የለ? ሲመጣ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ካለፈህ በኋላ ይወፍራል። ሳተላይቷም እንደዚያ ናት። የት የት እንደምትሄድ ይታወቃል። ድምፅዋ የሚወርድበትን ቅጽበት ደጋግመህ ከያዝክ፣ አንተ ራስህ የት እንደቆምክ ትነግርሃለች።" በዚህ ዘዴ አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ይተከላል፤ ድንጋዩ በዓለም ላይ ያለበት ቦታ ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ የዙሪያው አገር ካርታ የሚሠራው ከእሱ ተነሥቶ ነው።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ፤ ከሰውየው የተማርኩት ከቃላቸው ይልቅ በልማዳቸው ነው። ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ለብ ባለ ውኃ ይታጠባሉ፤ ደርቆ እስኪያልቅ ድረስ እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው ይቆማሉ፤ ጸሎት የሚያደርጉ ይመስሉ ነበር። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ ማሽኑን ያለብሳሉ፣ ቀጥሎ ሠራተኛውን፣ መጨረሻ ራሳቸውን። የድሮ ሰው የለካውን ቁጥር፣ የራሳቸውን ለክተው ሳይጨርሱ ለማየት አይፈልጉም ነበር። "ካየሁት ጆሮዬ ወደሱ ያደላል" ይላሉ።

ከእሳቸው በኋላ ብዙ አለቃ አየሁ። ጊኒር ላይ የነበረው አለቃዬ ከድንኳን አይወጣም ነበር። ጎሮ ላይ የነበረው ጎበዝ ነበር፤ ግን ቁጥር ሲጠፋው ይቆጣል። ኦጋዴን ላይ አንድ ደግ አለቃ ነበረኝ፤ ውኃውን እኛን ያጠጣና ራሱ ይጠማል። ሁሉንም የምመዝነው በጋሽ መርዕድ ነበር። ማንም አልደረሰባቸውም።

ሰነቴ የወጣን ቀን ጋሽ መርዕድ ድንኳን ከመትከላቸው በፊት፣ "የዚህ ግጦሽ ባለቤት ማን ነው?" አሉ። አሊዪ ነው አልኳቸው። አሊዪ የሪራ ሰው ነው፤ በበጋ ላሞቹን ወደ ሰነቴ ያወጣል። ረጅም፣ ጢሙ የሾለ፣ ነገረኛ የሚመስል ግን ያልሆነ ሰው ነው። ጎጆው ድረስ ሄዱ።

"አካም ጂርታ፣ ኦቦ አሊዪ" አሉት። ኦሮምኛቸው ያቺው ነበረች። "ሜዳህ ላይ ለጥቂት ጊዜ መቀመጥ እንፈልጋለን። ድንጋይ እንተክላለን። ትፈቅድልናለህ?"

አሊዪ እኔን አየኝ። "ይኼ ሰውዬ የመንግሥት አይደለም እንዴ?"

"የመንግሥት ነው።"

"ታዲያ ለምን ይጠይቀኛል?" ካለ በኋላ ወደ እሳቸው ዞረ። "ተቀመጥ ኦቦ መርዕድ። ላሞቼ ገመድህን ቢበሉ ግን አልከፍልም።"

ከሰነቴ ሁሉ በላይ ቱሉ ዲምቱ ተራራ አለ። ጫፉ ላይ፣ አለት ውስጥ፣ አሜሪካኖቹ በሄሊኮፕተር መጥተው የቀበሩት የመለኪያ ምልክት፣ ክብ ናስ እንዳለ ጋሽ መርዕድ ያውቁ ነበር። ግን መመሪያው ግልጽ ነው፤ የድሮው አይነካም፣ ለአብዮቱ አዲስ ድንጋይ ይተከል። ጫፉ ላይ ነፋሱ ሰው ይጥላል፤ ብርዱ ባትሪ ይገድላል። ስለዚህ ጋሽ መርዕድ ሜዳውን መረጡ። ቆፈርን። ከበላዩ ውርጭ ያደረቀው፣ ከሥሩ ጭቃ የሆነ ጠንካራ አፈር አገኘን። ሲሚንቶ እንደ ልብ አልነበረም፤ አለት ድረስ ሳንወርድ ሞላነው። ከጎባ ቀለም ቀቢ ተልኮ ቀይ ኮከብ ሣለበት። አንቴናውን ተከልን፤ ማዳመጥ ጀመርን። ሥራው ያማረ መሰለን። ጎባ ያለው ካድሬም ለበላዮቹ አስታወቀ፤ በአብዮት በዓል ይመረቃል ተባለ።

አንድ ጠዋት ከድንኳን ስወጣ ቀይ ቀበሮ ድንጋያችን አጠገብ ተቀምጦ አየሁ። አፍንጫውን ወደ ድንጋዩ ሥር ደፍቶ ጆሮውን አቁሟል። ሠራተኞቹ "ዘበኛ ተቀጠረልን!" እያሉ ሳቁ። በማግስቱም መጣ። ጋሽ መርዕድ አልሳቁም።

"በየነ፣ ይህ ቀበሮ የሚበላው ምንድን ነው?"

"ፍልፈል።"

"ፍልፈል የት ትኖራለች?"

"ከመሬት..." አልኩና ቀሪውን ዋጥኩት።

የሰነቴን ፍልፈል ያላየ ሰው አይጥ ትመስለዋለች። ድመት ታህላለች፤ ጥርሷ ዶማ ነው። ሜዳው በሙሉ ከሥሩ የእሷ መንደር ነው። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን ታጠቡ፤ አደረቁ፤ ውኃ ልኩን አምጥተው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡት። አረፋዋ መሐል መቆም ሲገባት ወደ ዳር ሸሸች። ዞር ብለው በሌላ በኩል አስቀመጡት። ያው ነው። ድንጋያችን ከሥሩ ተቦርቡሮ ዘሟል፤ ከቦታውም ተንሸራቷል። በገመድ ስንለካው ስንዝር ሄዷል።

ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ።

"ስንዝር ምን አላት፣ ጋሽ መርዕድ?" አልኳቸው። "ባሌ ሰፊ ነው።"

"ስንዝሯ የዛሬ ናት። ከርሞ የት እንደምትደርስ ፍልፈሏን ጠይቃት።" ተነሡ። "ጎሮን የሚለካው ሰው ከዚህ ይነሣል። ጊኒርን የሚለካው ከጎሮ ይነሣል። እሱ የተሳሳተው መሬቱ ይመስለዋል እንጂ እኛ መሆናችንን አያውቅም። ዳማን ጫናት። ጎባ እንወርዳለን።"

እንዳይሄዱ ለመንኳቸው። ያኔ አሻጥር የምትባል ቃል ነበረች። ሥራ የተበላሸበት ሰው አሻጥረኛ ከተባለ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። ዝም ብንል ማን ያያል? በዓሉ ያልፋል፤ ድንጋዩም ቀስ ብሎ ይዘማል። እሳቸው ኮታቸውን ቆለፉ።

ካድሬው ቢሮ ግድግዳ ላይ የሩሲያ ጠፈርተኛ ፎቶ ተለጥፏል። ጋሽ መርዕድ ቆመው ነገሩን እንዳለ ተናገሩ። ካድሬው ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር።

"ለበላይ አካል አስታውቄያለሁ!" አለ። "ያብዮቱ የጠፈር ድንጋይ ባሌ ላይ ተተከለ ብዬ! አሁን ምን ልበል? ፍልፈል በላው ልበል?"

"አልበላችውም፤ ከሥሩ ነው የቆፈረችው" አሉ ጋሽ መርዕድ።

"ትቀልዳለህ?"

"አልቀልድም።"

"ቦታውን የመረጠ ማን ነው?"

"እኔ።"

"ሲሚንቶው እንደሚያንስ ያወቀስ?"

"እኔ።"

"እነዚህ ሠራተኞችስ?"

"እነሱ የቆፈሩት እኔ ቁፈሩ ያልኳቸውን ያህል ነው።"

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል። ጎባ ላይ ላብ እንግዳ ነገር ነው።

"ይኼ አሻጥር ነው" አለ ካድሬው፤ ቃሏን አወጣት።

"አሻጥር የሚሠራ ሰው መጥቶ አይናገርም፣ ጓድ። ሥራውን ማዳን ይቻላል። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ አለት አለ። በንጉሡ ጊዜ የተተከለ ናስ አለበት። እዚያ ልለካ።"

"የአሜሪካኖቹ ድንጋይ?"

"ናሱ የአሜሪካኖቹ ነው። አለቱ የባሌ ነው።"

ካድሬው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "ቆይ፤ የምታዳምጡትስ ሳተላይት የማን ነው? የሶቪየት ነው አይደል?"

ጋሽ መርዕድ ግድግዳው ላይ ያለውን ጠፈርተኛ አዩ፤ ከዚያ ካድሬውን አዩ። ይዋሻሉ ብዬ ጸለይኩ።

"የአሜሪካ ነው" አሉ።

"ምን?"

"ማሽኑ የሚሰማው እሷን ነው። ቢቻለኝ የሁለቱንም እሰማ ነበር። ግን ጓድ፣ እሷ እኛን አታየንም፤ እኛ ነን እሷን የምንሰማት። ሳታውቅ አብዮቱን እያገለገለች ነው።"

የካድሬው አፍ ጥግ ተነቃነቀ። ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ጋሽ መርዕድ ቀጠሉ። የድሮው ቁጥር አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ጋ የለም። እኛ ቱሉ ዲምቱ ላይ እንለካለን፤ የተቀዳውን ቴፕ ከሮቤ በአውሮፕላን እንልካለን፤ እነሱ ያሰላሉ። ከድሮው ጋር ከገጠመ ማሽኑም እኛም ጤነኛ ነን። ካልገጠመ ደግሞ የፈለጋችሁትን አድርጉ አሉ።

"እስከዚያ ዋስ አምጣ" አለ ካድሬው። "የሰው ዋስ። መልሱ እስኪመጣ እዚህ ታስሮ የሚቆይ፣ ቁጥሩም ባይገጥም አብሮህ የሚጠየቅ። ከነዚህ ሠራተኞችህ አይደለም።"

ጋሽ መርዕድ ለጎባ ባዕድ ናቸው፤ ዘመድ የላቸውም። የማውቃቸውን ነጋዴዎች ለመንኩ። አንዱ ሚስቴ ታማለች አለ። አንዱ ሱቁን ዘጋ። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው እንዲያ ነበር። የካድሬው ግቢ በር ላይ ቆመን ሳለ አሊዪ ቅቤውን ሸጦ በቅሎውን እየሳበ መጣ።

"ኦቦ መርዕድ፣ ፊትህ ምነው? ላሚቱ የሞተችብህ ትመስላለህ።"

ነገርኩት። በቅሎውን ለኔ ሰጥቶኝ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አለ ለካድሬው።

"አንተ ማን ነህ?"

"አሊዪ ነኝ። ሰነቴ ላይ ከብት አለኝ።"

"ይህን ሰው ከየት ታውቀዋለህ?"

"ጎረቤቴ ነው።"

"ጎረቤት! ከአዲስ አበባ የመጣ ሰውዬ?"

"ወላሂ ጎረቤቴ ነው። ሜዳዬ ላይ ሳይቀመጥ መጥቶ ጠየቀኝ። ከመንግሥት ሰው እሱ የመጀመሪያው ነው። አንተም ብትመጣ ጠይቀኝ፤ እፈቅድልሃለሁ።"

"ሰውየው ቢጠፋ አንተ ነህ የምትበሰብሰው፤ ገብቶሃል?"

"የት ይጠፋል? ሰነቴ ላይ የሚያውቀው መንገድ የኔን ብቻ ነው።"

እስር ቤት አስገቡት። በሩ ሲዘጋ ጋሽ መርዕድ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ስንደርስ ጭጋግ ነበር። ጋሽ መርዕድ በእጃቸው ድንጋይ እየገለበጡ፣ የድንጋይ ሽበት እየፋቁ ፈለጉ። ናሱን ሲያገኙት በኮታቸው እጅጌ አበሱት። ውኃ ልኩን አስቀመጡ። አረፋዋ መሐል ላይ ቀጥ አለች።

"ሰዎቹ ጥሩ አድርገው ነው የተከሉት" አሉ።

ነፋሱን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ድንኳን አልቆም አለ። ሸራ በአራት ሰው ይዘን አንቴናውን ጋረድነው። ባትሪው በብርድ ሲደክም ጋሽ መርዕድ ቡሉኳቸውን አውልቀው አለበሱት፤ ራሳቸው በኮት ቆሙ።

"ኧረ ጋሽ መርዕድ፣ ሚስትዎ ይህን ባትሪ ብታይ ትቀናለች!" አልናቸው።

"እንኳን አላየች። እሷንም ሲበርዳት እንዲህ አላለበስኳትም" አሉ፤ ከንፈራቸው እየተንቀጠቀጠ።

አንዴ ሳተላይቷ ስታልፍ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝ። "ስማ" አሉ። በመጀመሪያ የማሽን ሹክሹክታ ነበር። ከዚያ ከሩቅ ፉጨት መጣ፤ ቀጭን፣ ጥርት ያለ። መጣ፣ መጣ፤ ከዚያ እየወረደ፣ እየወፈረ ከሐረና ጫካ በስተኋላ የጠፋ መሰለኝ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ጭጋግ ብቻ ነው። በዚያ ጭጋግ ውስጥ አንድ የማይታይ ነገር እኛ ያለንበትን ነግሮን አለፈ። ጋሽ መርዕድ ፊቴን እያዩ ነበር። ልጅ የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ አባት የሚያየው ዓይን ነው።

ከዚያ ቀጥላ ስታልፍ ነፋሱ ሸራውን ከእጃችን ነጥቆ አንቴናውን ነቀነቀው። ጋሽ መርዕድ ያቺን ልኬት ሰረዟት። ሌላ ጊዜ ዝም እላለሁ፤ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

"አሊዪ ታስሮ ተቀምጧል እኮ! ላሞቹ ባለቤት የላቸውም! አንዲት ብትበላሽ ምናለበት? ይላኳት!"

"አሊዪ የታሰረው ለዚህ ቁጥር ነው" አሉ። "የተበላሸ ብልክ ለምን ታሰረ?"

ሸራውን እንደገና ያዝኩ። እስኪበቃቸው ድረስ ቆየን።

ቴፑን ራሳቸው ሮቤ ወርደው ለአውሮፕላኑ አስረከቡ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ለአሊዪ ስንቅ አመላልስ ነበር። እስር ቤት ውስጥም ምላሱ አልታሰረም። "ይኼ ቤት ከሰነቴ ይሞቃል፤ ካድሬውን ላሞቼንም አምጣቸው በለው" ይለኛል። አንድ ቀን ግን ጎንበስ ብሎ፣ "በየነ፣ ቁጥሩ ባይገጥምስ?" አለኝ። ዓይኑን ማየት አቃተኝ። "ጋሽ መርዕድ ናቸው የለኩት" አልኩት። "ጋሪዳ፣ ደህና ነው" አለ።

መልሱ በሬዲዮ መገናኛ ሲመጣ ካድሬው፣ ጋሽ መርዕድና እኔ እዚያው ነበርን። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ድምፅ ይቆራረጥ ነበር። መጀመሪያ አንድ ነገር አለ፤ አልሰማንም። "ድገመው!" አለ ካድሬው። "ገጥሟል" አለ ድምፁ። "ከድሮው ጋር ገጥሟል። ልዩነቱ አንድ እርምጃ አይሞላም።" ጋሽ መርዕድ ግድግዳውን ደገፍ አሉ። ንጉሥ ወድቆ፣ አሜሪካ ሄዶ፣ ሩሲያ መጥቶ፣ ያ አለት ያለው እዚያው ነው።

አሊዪ ተፈታ። ሲወጣ ጋሽ መርዕድን አቀፋቸው፤ "ቀጥለህ ድንጋይ ስትተክል ግን ሌላ ጎረቤት ፈልግ" አላቸው።

ነገሩ ያለቀ መሰለን። ካድሬው ግን፣ "ደግ ነው፤ ተርፋችኋል" አለ። "በበዓሉ የሚመረቀው ግን የሜዳው ድንጋይ ነው። ኮከብ ተሥሎበታል። እንግዶች ቱሉ ዲምቱ ድረስ አይወጡም፤ የአሜሪካን ናስም አላስመርቅም።"

"ጓድ፣ ያ ድንጋይ ውሸታም ነው። መነቀል አለበት። ሰው መጥቶ ከእሱ ይለካል" አሉ ጋሽ መርዕድ።

"በቃ ብያለሁ! አመስግነህ ሂድ።"

ለጋሽ መርዕድ ዝውውር መጣላቸው፤ አዲስ አበባ ዕቃ ግምጃ ቤት። ያን የመሰለ ጆሮ ያለው ሰው ዕቃ ጠባቂ ሆነ። ሽልማት አላገኙም፤ አልጠየቁምም። ሮቤ አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘናቸው እኔና አሊዪ ነን። እጄን ያዙና፣ "በየነ፣ አንድ ሥራ ሳልጨርስ ሄድኩ" አሉኝ። አላዘዙኝም። ምን እንደሆነ ግን ሦስታችንም እናውቃለን። አውሮፕላኗ ስትነሳ አሊዪ፣ "ድጅኖ አለህ?" አለኝ። "አለኝ" አልኩት።

በዓሉ ሲደርስ የካድሬው ሰዎች ድንጋዩን የት አደረሳችሁት ብለው ሲጠይቁኝ፣ ፍልፈል ወሰደችው አልኳቸው። ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ አዲሶቹ ልጆች በጂፒኤስ ሲመጡ፣ የሚነሡት ከቱሉ ዲምቱው ናስ ነው። ያን የሻይ ቤቱን መምህር አንድ ቀን ይዤው እወጣለሁ፤ ጉልበቴ ከፈቀደ።

ጋሽ መርዕድን በሸኘን ማግስት ጎህ ሲቀድ ዳማን ጭኜ ሰነቴ ወጣሁ። አሊዪ ቀድሞኝ ደርሷል። ውርጩ ገና አልቀለጠም። ድጅኖውን ከድንጋዩ ሥር ሰድጄ ስጫነው ያን ያህልም አልታገለኝም፤ ከሥሩ ባዶ ነበር። ገመድ አስረን ዳማ ሳበችው። ወጥቶ ሲጋደም ጉድጓዱ ውስጥ ደረቅ ሣር ተጎዝጉዞ አየን፤ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም። ድንጋዩን አጠገቡ ወዳለው ኩሬ አንከባለልነው፤ ኮከቡ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየሆነ ሄዶ ገባ። አሊዪ ወደ ላሞቹ ሄደ። እኔ ጉድጓዱን በአፈር ሞላሁት፣ ሣሩን መልሼ አለበስኩት፣ በእግሬም ደህና አድርጌ ረገጥኩት።